ጎረቤት ግቢውን ሲሞላ ውሃው የት ይሂድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በበጋ ወራት ይህ አምድ የሚጠየቀው ስለ ካርታ፣ ስለ ሊዝና ስለ አጥር ድንበር ነው፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ግን ደብዳቤው ሁሉ ስለ ውሃ ይሆናል። በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ከደረሱን መካከል አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ በብዙ ሰፈር ያለ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁና፣ የሌሎቹ ጠያቂዎች ትዕግሥት አይለየኝ።

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ አካባቢ የምጽፍ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የምኖርበትን የጭቃ ቤት ከባለቤቴ ጋር ከሠራነው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ በክረምት ግቢያችን ቢረጥብም ውሃ ደጃፋችንን ተሻግሮ አያውቅም ነበር። ባለፉት አራት ዓመታት ግን ከላይ በኩል ያሉት ጎረቤቶቼ እየተከታተሉ ገረጋንቲ በማስደፋት ግቢያቸውን ከፍ ስላደረጉ፣ የእነርሱ ውሃ በአጥሬ ሥር እየሾለከ ይገባል። ዐምና ነሐሴ ላይ አልጋዬ ሥር ደርሶ አደረ። ልጆቼ «እኛም አምስት መኪና እናስደፋ» ይሉኛል። ገንዘቡ የልጆቼ ነውና በከንቱ እንዳይፈስስ ምክርዎን እሻለሁ።
ወ/ሮ ት.

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ልጆችዎ በቅን ልቡና ማሰባቸው ግልጽ ነው፤ ሆኖም ገረጋንቲውን አያስደፉ። ምክንያቱም ግቢው ከፍ ሲል ቤቱ አብሮ ከፍ አይልም። የቤትዎ ወለል ዛሬ ካለበት ሳይነቃነቅ ዙሪያው በሠላሳ ወይም በአርባ ሳንቲ ሜትር ቢሞላ፣ ቤትዎ በሳህን መካከል እንደተቀመጠ ስኒ ይሆናል፤ ከአጥር ውጭ የሚመጣውን ውሃ ቢያስቀሩት እንኳ ከራስዎ ጣሪያ የወረደው መውጫ ያጣል። ከዚያም በላይ የጭቃ ቤት ግድግዳ ከሥሩ አፈር ሲታቀፈው እርጥበቱን ወደ ላይ ይስባል፤ ልስኑ ይረግፋል፣ ቋሚው ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል፣ ይህም ለዓይን የሚታየው ቤቱ ማዘንበል ከጀመረ በኋላ ነው። የጎረቤቶችዎ አሞላል የተሳካ የሚመስለው አብዛኞቹ አዲስ ብሎኬት ቤት ሲሠሩ ወለሉን አብረው ስላነሡ ይመስለኛል።

ወደ መንስኤው ልምጣ። ባሕር ዳር ደልዳላ ከተማ ናት፤ ለብስክሌተኛ የተመቸው ይህ ደልዳላነት ለውሃ አይመችም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ደለል ሳይዝ ውሃ እንዲያወርድ ቢያንስ በየመቶ ሜትሩ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ ይኖርበታል፤ አራት መቶ ሜትር የሚሄድ ቦይ እንግዲህ መጨረሻው ላይ ከመነሻው በሁለት ሜትር መጥለቅ አለበት ማለት ነው። በደልዳላ መሬት ላይ ይህን ያህል የጠለቀ ቦይ መውጫው ላይ የሚገናኘው ከሐይቁ ወይም ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር ነው። ጣና ከፍተኛውን ልኩን የሚይዘው ደግሞ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ወንዞቹ ሁሉ ጭነታቸውን አራግፈው በሚጨርሱበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዝቅተኛ ሰፈሮች ፀሐይ ከወጣ በኋላም ቦዩ ቆሞ የሚሸተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ከተፈጥሮ የመጣ ነው፤ አጥሩን ያሾለከው ግን እኛ የጨመርንበት ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል አቤቱታ ይዘው የመጡ ሰው ጋር ሄጄ፣ አንድ ግንበኛ ይዘን ሰፈሩን በልክ ለማየት ሞክረን ነበር። መሣሪያችን ግንበኞች ሁሉ የሚያውቁት ውሃ የተሞላ ቀጭን ነጭ ላስቲክ ቱቦ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እርሱ ይዘን ከበር ወደ በር ስንሄድ የቦዩ ወለል በአግባቡ ቁልቁል መውረዱን አየን። በአሠሪው ላይ የተዘጋጀው ወቀሳ ሁሉ በዚያው ከሸፈ። ጥፋቱ የተገኘው ሰው ሁሉ ተሽከርካሪ ለማስገባት በቦዩ ላይ በሠራው መሸጋገሪያ ሥር ነበር። በአንዲት አጭር መንገድ ላይ አሥራ አንድ መሸጋገሪያ ቆጠርን፤ አንዱ ሥር ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ፣ ቀጥሎ ያለው ሥር የግማሹ ስፋት ያለው ቱቦ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ቧንቧ ብቻ ተቀብሮ ነበር። ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በባለ 30 ሲተካ የማሳለፍ አቅሙ በግማሽ የሚቀንስ ለሚመስለው ሰው ልብ እንዲል ያህል፣ አቅሙ የሚወርደው ወደ ስድስተኛው ገደማ ነው፤ ስድስት ትናንሽ ቱቦዎች ተደምረው የአንዱን ትልቅ ሥራ ይሠራሉ እንደማለት ነው። በጠባቡ ቱቦ አፍ ላይ ደግሞ ፌስታልና የበቆሎ ቆረቆንዳ ተሰግስጎ ነበር። ውሃው ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ዝቅ ያለውን አጥር መርጦ ገባ፤ ዝቅ ያለው አጥር የማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ገንዘቡን ሳያወጡ ከላይ እስከ ታች በመንገድዎ ያሉትን መሸጋገሪያዎች ልጆችዎ ይቁጠሩ፣ የየቱቦውን ስፋትም በሜትር ለክተው በወረቀት ያስፍሩ። ያንን ወረቀት ይዘው ወደ እድራችሁ ይሂዱ። ወደ እድሩ መሄድን ከማመልከቻ በፊት ያስቀደምኩት በዘልማድ አይደለም፤ ቱቦ የሚያስቀይረው ሰው እዚያው ስብሰባው ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ነው። መሸጋገሪያዎቹ በአንድ ስፋት እንዲሠሩ ሰፈርተኛው ከተስማማ፣ ለአምስት መኪና ገረጋንቲ የታሰበው ገንዘብ የእናንተን ድርሻ ሳይሸፍን አይቀርም።

በሁለተኛ ደረጃ የራስዎን ውሃ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ይያዙ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ሰማንያ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ሠላሳ ሚሊ ሜትር በጣለበት ከሰዓት 2,400 ሊትር ውሃ ወደ ግቢው ይለቅቃል፤ ያ የአንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አሸንዳ አስገጥመው ውሃውን ወደ ሮቶ ቢያስገቡ ጎርፉ ሙሉ በሙሉ ይቀራል ማለቴ አይደለም፤ ሮቶው ከሞላ በኋላ የሚወርደው ያው ይወርዳል። ነገር ግን ዋነኛው ችግር የሚፈጠረው ሁሉም ጣሪያ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦይ ላይ ሲያፈስስ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የሚይዙ ሃያ ቤቶች አንድ አዲስ ቦይ ከመሥራት የሚተናነስ ጥቅም አይሰጡም። ለዚህም ሮቶው ዝናብ ሳይመጣ ባዶ መሆን ይኖርበታል፤ ለመጠባበቂያ እየተባለ ሞልቶ የሚያድር ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይፈይድም።

ውሃውን ወደ መሬት ለማስረግ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይ መሙላትንም ብዙዎች ይጠይቁኛል። መልሱ በአፈሩ ላይ የተመሠረተ ነው። በነሐሴ ውስጥ ግቢዎ ጥግ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው ውሃ ሞልተው ይመልከቱ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ማስረጊያው ይሠራል፤ በማግሥቱም እንደሞላ ካገኙት መሬቱ ጠግቧል ወይም ዋልካ ነውና ይተዉት። ይህን ሙከራ በሚያዝያ የሚያደርግ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ውሃ ሲውጥ አይቶ ተስፋ ይጥልበታል፣ ክረምት ሲገባ ግን ያው አፈር አብጦ እንደ ሸክላ ይዘጋበታል።

ጎረቤትን መክሰስ ስለሚቻልበት ሁኔታ ባይጠይቁኝም ብዙ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ስለሚያነሡት አንድ ነገር ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲጠበቅ ያስገድዳል። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሦስት ጎረቤቶች እየተከታተሉ የሞሉትን ውሃ ከየትኛው እንደመጣ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ክርክሩም ሁለት ክረምት ያሳልፋል። እኔ ብሆን ወረቀቱን ይዤ እድሩን አስቀድም ነበር።

ጥያቄ፦ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው በእኛ ላይ ደርሷል። ከዓባይ ማዶ በአዲስ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ የቧንቧ ውሃ በወረፋ ስለሚመጣ አከራያችን ያስቆፈሩትን የእጅ ጉድጓድ እንጠቀማለን። ውሃው የጠራ ነው፣ ሽታም የለውም። ከመጸዳጃው ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። በክረምት ግን ልጄ ደጋግማ ሆዷን ይቆርጣታል። ጉድጓዱ ይሆን?
አንድ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ የልጅዎን ሆድ የሚያየው ሐኪም ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እስከዚያው ግን ያንን ውሃ ሳይፈላ ማንም አይጠጣው። ውሃ መጥራቱና ንጹሕ መሆኑ አንድ አይደሉም፤ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡት ተሕዋስያን ውሃ አያደፈርሱም።

በጉድጓድና በመጸዳጃ መካከል ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ይኑር የሚለው የተለመደ ልክ ነው፣ ሃያ እርምጃ ከዚያ በግማሽ ገደማ ያንሳል። ዳሩ ግን በባሕር ዳር ርቀቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አጥርዎ ወይም የቤትዎ መሠረት የተሠራበትን ጥቁር ድንጋይ ቀርበው ቢያዩት እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ያገኙታል። ከተማዋ የተቀመጠችው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ነው። አሸዋማ አፈር ውሃን እያጠለለ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን እንደ ቧንቧ ነው፣ የገባበትን ሳያጠራ በፍጥነት ያደርሰዋል። ስለዚህ ሃምሳ ሜትር የራቀ ጉድጓድ ተበክሎ፣ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ያለው ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በክረምት የሚብሰው ለምንድን ነው ካሉ፣ የሚቀዱበትን ገመድ ይጠቀሙ። ውሃው በሚገኝበት ቦታ ላይ ገመዱን በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይቋጥሩት። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ያለው ርዝመት የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ የመጣበት ልክ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ወለል ከውሃው ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ መቅረት ይኖርበታል። አከራይዎ መጸዳጃውን በበጋ አስቆፍረው ደረቅ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል፤ በነሐሴ ግን ውሃው ተነሥቶ የመጸዳጃውን ወለል ከነካ ሁለቱ ጉድጓዶች አንድ ሆኑ ማለት ነው።

ተከራይ እንደመሆንዎ ማዘዝ ባይችሉም ለአከራይዎ በአክብሮት ሊነግሯቸው የሚችሉት አለ። የጉድጓዱ አንገት ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይለሰንና ክዳን ይደረግለት፤ የመሬቱ ጎርፍ በአፉ እንዳይገባ ዙሪያው ወደ ውጭ ያዘንብል። መጸዳጃው በሂደት ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ወደ ተደፈነ፣ በመምጠጫ መኪና ወደሚነሣ ሴፕቲክ ታንክ ቢለወጥ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። እርስዎ በበኩልዎ የጉድጓዱን ውሃ ለእጥበት ያድርጉት፣ ለመጠጥ ደግሞ ከቆርቆሮ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ይያዙ፤ ጣሪያውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ውሃ ካፈሰሱ በኋላ ያለውን ማለቴ ነው። እርሱም ቢሆን ይፍላ ወይም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይታከም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ እምቦጭ በተነሣ ቁጥር የሚወቀሱት በስተ ሰሜን ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የእኛ ከተማ ንጹሕ ናት? በከተማው ዳር ደንገል ቢተከል ለውጥ ያመጣል?
ሰ.

መልስ፦ ከተማዋ ንጹሕ አይደለችም፤ ዋነኛዋ ተጠያቂም አይደለችም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ሲሆን በጣና ላይ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ታየ፤ ሥር ሰድዶ የተስፋፋውም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከተራቆቱ ተዳፋቶች አፈሩን ከነማዳበሪያው ጠርገው የሚያራግፉት እዚያው ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት እንኳ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ የገባበት ለም ደለል ከብርሃን ብዙ አይርቅም፤ ለአረሙ ከዚህ የተሻለ መደብ አይገኝም። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ በዘመቻ የተነቀለበት ቦታ ተመልሶ ሲሸፈን መደነቅ አይገባም።

የከተማችን ድርሻ በመጠን ቢያንስም የሚያርፈው በቅርብ፣ በሰው ዓይን ሥር ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የሳሙና ውሃና በዳርቻው የሚታጠቡ መኪናዎች የሚያወርዱት ዘይት፣ ሐይቁ ዓባይ ሆኖ ከሚወጣበት አፍ አጠገብ ይገባል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ደግሞ ይቀዳዋል።

ደንገልን በተመለከተ ጥያቄህ ልብ የሚነካ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ደንገልን የምናውቀው የታንኳ መሥሪያ አድርገን ብቻ ስለሆነ ነው። ደንገል ሥሩን እንደ ምንጣፍ ዘርግቶ ጎርፉን ያበርዳል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለራሱ ዕድገት ይጠቀምበታል። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በካምፓላ ናኪቩቦ የተባለው ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ሲያጣራ ኖሯል፤ የካምፓላ ሰዎች የሚጠጡትም ከዚያው ከሐይቁ ዳርቻ የሚቀዳውን ውሃ ነው። ሰው ደንገሉን እየመነጠረ ጎደሬ ሲተክልበት፣ ፍሳሹም በተቆፈሩ ቦዮች ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ሲደረግ፣ ረግረጉ የማጣራት ኃይሉን እያጣ ሄደ፤ ውሃውን ለማከም የሚወጣው ወጪም ጨመረ።

እዚህም የማየው ይኸው ነው። መዋኛና መዝናኛ ለመሥራት ሲባል «ቁጥቋጦ» ተብሎ የሚጸዳው ዳርቻ ሥራ ላይ የነበረ ማጣሪያ ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ቢሆንም፣ መዝገብ ዶማ አያስቆምም። ስለዚህ አዲስ ከመትከል ይልቅ የቀረውን መተው ይቀድማል፤ ከዚያም የጎርፍ ቦዮች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ፣ ውሃው ተዘርግቶ በሚያድርበት ቦታ፣ ደንገልና ፊላ ቢተከሉ ጥሩ ነው። በቦዩ ውስጥ ግን አትትከል፤ ያን ጊዜ የሚያጥለቀልቀው ከላይ የጻፉልኝን መምህርት ነው። የተተከለውም በየጊዜው መታጨድ ይኖርበታል፤ ሳይታጨድ እዚያው ወድቆ የሚበሰብስ ደንገል የወሰደውን መልሶ ለውሃው ይሰጣል። አጭዶ ታንኳና ምንጣፍ የሚሠራ ሰው በዚህ አንጻር የጽዳት ሠራተኛም ነው፤ ደመወዝ የማይከፈለው።

ጥያቄ፦ የከተማው ፕላን ሲከለስ እኛ ነዋሪዎች መቼ ነው የምንጠየቀው? ብንጠየቅስ ምን ብለን እንመልሳለን?
ነጋዴ፣ ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ በከተሞች ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። ብዙ ሰው የሚመጣው የራሱ ቤት በመንገድ መነካቱን ለማየት ብቻ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ግን ቤትዎን ካገኙ በኋላ ካርታው ፊት ጥቂት ይቆዩ። የአገራችን የፕላን መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። አረንጓዴ የተቀባው ሁሉ የት እንዳለ ይዩ፤ ተራራ ላይና ከከተማው ጠርዝ ውጭ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ቢሞላም ጎርፉን የሚቀበል ሜዳ በሰፈርዎ የለም ማለት ነው። በ1950ዎቹ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር መሪነት የተዘጋጀው የባሕር ዳር ፕላን ሰፋፊ ጎዳናዎችን ስላሰበ ዛሬ ዘንባባው ሥር የምንሄድበት ቦታ አገኘን፤ ያን ጊዜ ባይታሰብ ኖሮ አሁን በካሳ ከፍሎ ማስፋት ባልተቻለም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲያነሡ ዕድል ቢሰጥዎ ይህንን ይጠይቁ፦ «የእኛ ሰፈር ቦይ መጨረሻው የት ነው? እዚያስ ያለው መሬት ለማን ተሰጥቷል?» ባለሙያው ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ እስከ ሐይቁ ወይም እስከ ዓባይ ድረስ ሊያሳይዎ ይገባል። ጣቱ መሐል ላይ ከቆመ ስምዎንና የቆመበትን ቦታ በአስተያየት መስጫው ላይ ጽፈው፣ ኮፒውን ለራስዎ ያስቀሩ።